ገብቼም ማን እንደሆንኩ ለሚጠይቀኝ ቅጽ ባለቤት

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የአስተዳደር ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ያ በስብሰባ ምክንያት ተከፍቶ የማያውቀው ቢሮዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተኝ ሦስት ሳምንት ከመሆኑ በቀር፣ ደህና ነኝ።

የፈቃድና የዝውውር ማመልከቻ ከወረቀት ወደ ድረ ገጽ እንዲዛወር ስላደረጉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቢያንስ አንድ የተሳካ ዝውውር አይተናል። ቅሬታዎቼም ጥቂት ናቸው።

፩. ድረ ገጹ የይለፍ ቃሌን ተቀብሎ «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ከነአያቴ ስም ይጠራኛል። ደስ ብሎኝ ቅጹን ስከፍት ግን «አመልካቹ ማን ነው?» ብሎ የአራት መቶ ሠራተኞችን ዝርዝር ይዘረግፍልኛል። እንዲህ ያለ መስተንግዶ የማውቀው በር ላይ አገላብጠው ስመው ካስገቡ በኋላ ሳሎን ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ ከሚጠይቁኝ ዘመዶቼ ብቻ ነው።

፪. ስሙን መምረጥ የዘነጋ ሰው ማመልከቻው በዝርዝሩ የመጀመሪያ ስም ይሄዳል፤ እሳቸውም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጋሼ ናቸው። በክቡር ፊርማዎ ዘንድሮ ሁለት ጊዜ የወሊድ ፈቃድ ስላገኙ፣ ባልደረቦቻቸው «እንኳን ማርያም ማረችዎ» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጥተዋቸዋል።

፫. ባለቤቴና የስድስት ዓመት ልጄ ወዳሉበት ከተማ ለመዛወር ከአምስት ወር በፊት ስሜን መምረጥ ዘንግቼ ያመለከትኩት እኔ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የተዛወሩት ግን ጋሼ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ዓመት የቀራቸው ሰው ምን በድዬ ነው እያሉ ሲያዝኑ፣ እኔ ምን ጎድሎኝ ነው እላለሁ። አዲሱ የዝውውር ምዝገባ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል፤ ያ ማመልከቻ በእኔ የይለፍ ቃል ስለተላከ ግን ድረ ገጹ አሁን የእኔን ስም ብመርጥም «ጥያቄዎ ቀደም ብሎ ተስተናግዷል» ይለኛል።

ኮምፒውተር ክፍል ወርጄ ፕሮግራም የምትጽፈውን ባልደረባችንን ጠየቅኳት። የድረ ገጹ በር ማን እንደገባ አብጠርጥሮ ያውቃል፣ ለቅጹ ግን የነገረው የለም አለችኝ፤ የገባውን ሰው ማንነት ለቅጹ የሚያቀብል አንድ መስመር ይጎድላል።

«እህቴ፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ያለ እሳቸው ፊርማ አልነካውም።»

ፊርማዎ አራት ወር ሙሉ ኮሚቴ እየጠበቀ መሆኑን ስሰማ ለጥንቃቄዎ ያለኝ አድናቆት ጨመረ።

፬. ልጄ እሁድ ዕለት ስልክ አንሥታ «ማን ልበል?» አለችኝ። ይህኛው መሥሪያ ቤቱን አይመለከትም፤ ቁጥር የሰጠሁት በስሕተት ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ በተለይም በእኛ ላይ ስላለዎት ትዕግሥት፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ።

ከዝርዝሩ ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛዋ ታዛዥዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስል ቅጹ ተስተካክሎ አገኘሁት። መስመሯን ማን እንደጨመራት እኔ እንጃ። ማመልከቻዬን በገዛ ስሜ፣ ማንም ማን ነሽ ሳይለኝ፣ ልኬያለሁ፤ ጠረጴዛዎ ላይ ደርሷል። ስለዚህ በዚህ ሆስፒታል አላወቅኩሽም ለማለት የሚችሉ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እሱንም እስከ ዓርብ።