ዳርዮ የተባለው ወርዋሪ

ሳን ፔድሮ ደ ማኮሪስ
እሑድ፣ ኦገስት 17 ቀን 2003

ለውድ ባለቤቴ ለፋውስቲኖ ሞንቴሮ
ፖርቶ ሪኮ

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በጤና ያግኝህ። ያ የፎቅ ሥራ ወገብህን እንዳይጎዳው ጠዋት ጠዋት እጸልይልሃለሁ። ከእኛ በኩል እኔ ደኅና ነኝ። ዊልኪንም ደኅና ነው፤ ቢያንስ ዛሬ በልቷል። እህትህ ክሌሜንሲያ ስኳሯ ወርዶላታል። የጓሮው በር መቀርቀሪያም ተሠርቷል። በሰላም ነው ያለነው እንዳልልህ ግን ትናንት ጣራችን ላይ ድንጋይ ሲዘንብ ነው የዋለው። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ሰምተህ ከሆነም ደግመህ ስማው።

የካሪቢያን ታዳጊዎች የቤዝቦል ሻምፒዮና ዘንድሮ እኛ ከተማ እንደሚደረግ ታውቃለህ። ከስምንት አገር የመጡ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያላለፉ ልጆች ናቸው የሚጫወቱት። የእኛን ቡድን የያዘው ግራኙ ማካሪዮ ነው። ዊልኪን ገና ድሮ፣ «እማዬ፣ እኔ እንኳ ዕድሜዬ አልፏል፤ አሰልጣኙ ግን ልምምድ ላይ እንድወረውርላቸው ፈልጎኛል» አለኝ። አሥራ አራት የሞላው ልጅ ትንንሾቹን ቢያለማምድ ምን ክፋት አለው? እሺ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ልጁ ተለወጠብኝ። መጀመሪያ ምላጬ እየደነዘ አስቸገረኝ። አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ ሳይ፣ ለካ ያችን ገና የበቀለች ጢሙን እየላጨ ነው። «ማናት ደግሞ እሷ?» ብዬ ቀለድኩበት፤ ሴት ልጅ የወደደ መስሎኝ። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ቀጥሎ ደግሞ ማሊያውን ቤት ይዞ አልመጣም አለ። «አሰልጣኙ ጋ ይታጠባል» ይለኛል። ልምምድ ላይ ብቻ የሚወረውር ልጅ ማሊያ ምን ያደርግለታል? ይህን በልቤ አልኩ።

ያንተም ደብዳቤ የመጣው ያኔ ነው። «ፀሐዩ ለደም ግፊትሽ ጥሩ አይደለምና ስታዲየም እንዳትሄጂ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ሳነበው ደስ አለኝ። ከሄድክ በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ደም ግፊቴ ስታነሳ ይሄ የመጀመሪያህ ነው። ስታዲየም ልሄድ አስቤ እንደነበር ግን ለአንተ ጽፌልህ አላውቅም። ይህ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

ረቡዕ ዕለት ከፓናማ ጋር ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ እኔ ምን ብዬ ቤት ልቀመጥ? ከክሌሜንሲያ ጋር ሄድንና ጥላ ያለበት ቦታ አገኘን። ልጆቹ ሲወጡ ድምፅ ማጉያው አንድ በአንድ መጥራት ጀመረ።

«ወርዋሪ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ዳርዮ ሞንቴሮ!»

ፋውስቲኖ፣ ያን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ጮክ ተብሎ የሰማሁት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ቄሱ የትንሹ ልጃችን መቃብር አፍ ላይ ቆመው ሲያነቡት። ሞንቴሮ የሞላበት አገር ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል አልኩ። ልጁ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ወጣ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ ደፍቶታል። እግሩን አንስቶ ሲወረውር አወቅሁት። እኔ ያጠብኩት እግር፣ እኔ ያከምኩት ጉልበት እንዴት ይጠፋኛል?

ክሌሜንሲያ አማተበች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«እመቤቴን! እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችኝ፤ ዓይኗን ግን ከሜዳው አላነሳችም። ያኔውኑ ጠረጠርኳት።

ዊልኪን አንደኛውን ፓናማዊ መቺ ኳሷን ሳያስነካ አስወጣው፤ ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውንም። ሕዝቡ ብድግ ብሎ «ዳ-ርዮ! ዳ-ርዮ!» እያለ ወለሉን በእግሩ ይደበድብ ጀመር። አሁን የምነግርህን ሰምተህ ታዘበኝ። ተነሥቼ መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። በሕይወቱ እኔና አንተ፣ እህትህና አዋላጇ ብቻ የጠራነውን ልጅ ሦስት ሺህ ሰው ሲጠራው ደስ አለኝ። ምነው ባያቆሙ አልኩ። እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አሸነፉ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሜዳው የወረድኩት።

በሽቦው አጥር በኩል «ዊልኪን!» ብዬ ተጣራሁ። ልጄ ዞሮ አየኝና ፊቱ አመድ መሰለ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

በማግስቱ ማካሪዮ ዘንድ ሄድኩ።

«ዶኛ ኔሬይዳ! የጀግናው እናት!» አለኝ እጁን ዘርግቶ።

«የትኛው ጀግና? ያለው ነው ወይስ የሞተው?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ!»

ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደኝ። «ስም ማለት እኮ ማሊያ ነው ዶኛ፤ ይለበሳል፣ ይወልቃል። አሥራ አራት ነው ብላቸው ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አሥራ ሁለት ነው ስላቸው ከአሜሪካ ክለቦች የመጡት መልማዮች አፋቸውን ከፍተው ነው የሚያዩት። የሞተው ልጅ ምን ቀረበት? ያለው ይብላበት እንጂ!»

«የልደት ወረቀቱን ማን ሰጠህ?»

«ቤተሰብ።»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ብቻ ነዎት?» አለና ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ወደ ልጆቹ ሄደ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሌባ መስሎ ታየኝ። አዋላጇን ጠረጠርኩ፤ ሞታለች። ቄሱን ጠረጠርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ክሌሜንሲያንማ ቤቷ ድረስ ሄጄ በመስቀል አስማልኳት። እያለቀሰች ማለች። አላመንኳትም።

አርብ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄድኩ፤ ክሌሜንሲያም ሳልጠራት ተከትላኝ መጣች። ጸሐፊው ዶን ኤሊሂዮ ዛሬም እዚያው ነው፤ መነጽሩ ብቻ ወፍሯል። የልጄ ሞት የተመዘገበበትን ገጽ አሳየኝ አልኩት። ትልቁን መዝገብ አወጣ፤ ገለጠ፤ እንደገና ገለጠ።

«ልጄ፣ እዚህ ልደት እንጂ ሞት የለም» አለኝ። «በመንግሥት ዘንድ ዳርዮ በሕይወት አለ። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ሞልቶታል።»

ፋውስቲኖ፣ ልጃችን የሞተ ጊዜ የተዋስከውን ሞተር ይዘህ በዝናብ የወጣኸው አንተ ነህ። «አስመዘግበዋለሁ፣ አንቺ አትልፊ» ብለኸኝ ነበር። ሲመሽ መጣህ፤ «ጨረስኩ» አልከኝ። ልብስህ ርሶ ነበር፤ አልጠየቅሁህም። ብዕሩ ከብዶህ፣ «ሞተ» ብለህ ማስጻፍ አቅቶህ በር ላይ ቆመህ ተመልሰህ ከሆነ ይገባኛል። እውነቴን ነው። እኔም ብሆን ላይሆንልኝ ይችል ነበር። በዚህ አልቀየምህም።

ነገር ግን ሞቱ አለመጻፉን ያወቀ ሰው አለ። ይህን ደግሞ እኔ አላውቅም ነበር። አዋላጇም አታውቅም፤ ቄሱም አያውቁም። «የልደት ወረቀቱን ማን አወጣው?» ብዬ ዶን ኤሊሂዮን ጠየቅሁት። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት ሳበ። ኤፕሪል ላይ ከባሕር ማዶ በፖስታ የመጣ ውክልና ነው። ማካሪዮ እንዲያወጣ የሚል። ከታች ፊርማ አለበት። የመጀመሪያዋ ፊደል እንደ ዓሣ መንጠቆ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች፤ ደብዳቤዎችህ ግርጌ እንዳለችው።

ክሌሜንሲያ አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችው። ሻርፏን ፊቷ ላይ ጣለች። ያኔ እሷን መጠርጠሬን አቆምኩ።

«አሁን ጻፈው» አልኩት ዶን ኤሊሂዮን።

«አሁን ከጻፍኩት ያ ልጅ ነገ አይወረውርም። አስበሽበታል?»

«ጻፈው።»

ሁለት ምስክር ያስፈልጋል አለ። አንዷ ክሌሜንሲያ ሆነች፤ ገላውን አጥባ የከፈነችው እሷ አይደለችም? ሌላው ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ሽማግሌ ነው፤ የእኛ ሰፈር ቀብር ላይ እንደነበር አስታወሰ። ዶን ኤሊሂዮም ጁላይ 1992 ብሎ ጻፈ። የሞት ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ዊልኪን ሲመጣ ምግብ አቀረብኩለት፤ አልነካም። «ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?» አልኩት።

«አባ...» አለና ዋጠው። «አሰልጣኙ» አለኝ።

እንዳልሰማ ሆንኩ። «አሰልጣኙ ነው?»

«አዎ፣ አሰልጣኙ።» ጠረጴዛውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። «እማዬ፣ ሲጠሩኝ አንዳንዴ ሌላ ልጅ ከኋላዬ ተነሥቶ አቤት የሚል ይመስለኛል። ሳልወረውር ዞር ብዬ አያለሁ። አሰልጣኙ ከኋላዬ መደብ ሊሰርቅ የሚሮጠውን ተጫዋች የምጠብቅ መስሎት ያሞግሰኛል።»

ወረቀቱን አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ነገ ፍጻሜ ነው። ልጆቹስ?» አለኝ። የቀሩት የቡድኑ ልጆች አሥራ ሦስት ናቸው፤ ምንም የማያውቁ።  «ወረቀቱን ለዳኞቹ እኔ እወስደዋለሁ፤ አንተ እዚህ ቆይ» አልኩት። እሱ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። የቤዝቦል ጫማውን አይደለም፤ የትምህርት ቤቱን።

የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ከኩራሳዎ ደሴት የመጣች አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ወረቀቱን ዊልኪን ራሱ ሰጣት። አነበበች፣ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ቆመች፤ ለሐዘን ቤት እንደሚቆመው። «ስምህ ማነው?» አለችው። «ዊልኪን ሞንቴሮ» አላት።

ከሰዓት በፊት ቡድናችን ተሰረዘ፤ በእኛ ፋንታ ፍጻሜውን ፓናማ ከቬኔዝዌላ ጋር ተጫወተ። ልጆቹ ማሊያቸውን እንደለበሱ አውቶቡሱ ውስጥ ሲያለቅሱ አየሁ። አንዱ ትንሽዬ ልጅ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ከሃዲ!» ብሎ ዊልኪን ላይ ተፋበት። ዊልኪን አልጠረገውም። ማካሪዮ ቤቱን ቆልፎ ጠፍቷል፤ ወዴት እንደሄደ አንተ ሰምተህ እንደሆን አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ መጣ። «የገዛ ልጇን ቀበረችው» እያሉ ነው የሚወረውሩት። እውነታቸውን ነው፤ አሁን ገና በወጉ ቀበርኩት።

ዛሬ ጠዋት ዊልኪን ትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከተኛበት አልጋ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሚቀየመኝ መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ እሱ እንዴት ያለ ልጅ ነበር?» አለኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አንተም ጭምር። ዳርዮ ማንኪያ ስሰጠው በግራ እጁ ይቀበለኝ እንደነበር፣ ከበላ በኋላ ወርውሮት ሳነሳው እንደሚስቅ፣ ዊልኪንን ሲያይ «ኪ» ብሎ እንደሚጠራው ነገርኩት። «ኪ ይለኝ ነበር?» አለኝ። «አዎ፣ ሌላ ቃል አልነበረውም» አልኩት። 

አሁን አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ፊርማህን አስመስሎ የፈረመ ሰው ካለ ስሙን ጻፍልኝ። ማን እንደሆነ፣ ወረቀትህን ከየት እንዳገኘው፣ የኛን ልጅ ሞት አለመመዝገቡን ማን እንደነገረው ጻፍልኝ። አምንሃለሁ። ለማመን ዝግጁ ነኝ። ምንም ካልጻፍክም ያንኑ እንደ መልስ እቆጥረዋለሁ። ዊልኪንን ግን ዝም አትበለው፤ በፖስታ ቤት ደጅ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል።

እግዚአብሔር ከከፍታው ሥራ እግርህን ይጠብቅልህ። ያመንከው አይክዳህ፤ የሚያምንህም አያጣህ። ክሌሜንሲያ ሰላም ብላሃለች፤ ሌላ ነገር ልትልህ ፈልጋ ተወችው።

የዊልኪንና የዳርዮ እናት፣
ኔሬይዳ