በመድኃኔዓለም ዕለት ያልታጨደው ገብስ

ለክቡር አባታችን መምሬ ወልደ ገብርኤል
የአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር
ታች ጋይንት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ከሁሉ አስቀድሜ መስቀልዎን በሩቁ ተሳልሜ፣ የጉልበትዎ ሕመም እንዴት እንደ ሰነበተ፣ ቤተሰብዎ፣ በሬዎችዎና ጎተራዎ እንዴት እንደ ከረሙ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እንቅልፍ እንቢ ካለኝ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤውን በእጅዎ ከመስጠት ይልቅ በአደባባይ የለጠፍኩት ደግነትዎ ተደብቆ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

1. በመጀመሪያ ስለ ደቦው አመሰግናለሁ። ጥቅምት 25 ቀን የሰፈሩ ወጣቶች ተጠራርተን የእርስዎን ገብስ ልናጭድ ወጣን፤ የማግስቱ ተራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉት የእትዬ ገነት ነበር። ማሳዎ ሰፊ ነውና በአንድ ቀን አላልቅ ብሎ የእሳቸውንም ቀን ወሰደ። እትዬ ገነትም «አባታችን ይቅደሙ፣ የእኔ የት ይሄዳል» ብለው ውሃ ሲያመላልሱልን ዋሉ። ያን ውሃ ጠጥቻለሁ። ጠላዎንም ጠጥቻለሁ፤ ግሩም ነበር።

2. በ27፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ አራት ሆነን ማጭዳችንን ይዘን ወደ እትዬ ገነት ማሳ ስንወርድ መንገድ ላይ ስላቆሙን አመሰግናለሁ። «ዲግሪ ማለት በዓል መሻር ነው እንዴ፣ ይታየው? በረዶ ልታመጣብን ነው?» አሉኝ። በዓሉን አከበርን። በረዶውም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የእርስዎ ነዶ ተከምሮ ተከድኗል፤ የእትዬ ገነት ገብስ ግን ፍሬው ተራግፎ፣ አገዳው ተሰባብሮ ከጭቃ ተለወሰ።

3. ይህኛው በእርስዎ ላይ የቀረበ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ነው እዚህ ያስገባሁት። የተማርኩት ስለ ሰብል ነው። ያን ጠዋት የአየር ትንበያውን ስልኬ ላይ አይቼ ነበር። ታዲያ ሲቆጡኝ ለምን አልተከራከርኩም? እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን አጭጄ ወገቤ ተቆርጦ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ በተጣለው ዳስ ደግሞ የዝክሩ ዳቦ እየተቆረሰ ነበር። «እሺ አባቴ» ብዬ ማጭዴን ቅጥሩ ሥር አስቀመጥኩና ልበላ ገባሁ። በረዶው ሲወርድ ሁላችንም ከዳሱ ሥር «እግዚኦ» ስንል ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

4. እትዬ ገነት አልወቀሱንም፤ ቢወቅሱን ይሻለን ነበር። «መድኃኔዓለም ያውቃል» አሉና ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው ልጃቸው ፅጌረዳ ደብረ ታቦር ሰው ቤት እንድትቀጠር ተስማሙ። የሚወስዳት ሰው የፊታችን አርብ ከገበያው ይቀበላታል። እሷም ባዶ የቀሩትን ደብተሮቿን ለታናሿ ሰጥታለች።

ስለዚህ ሰብላችን የተረፈልን ሁሉ ከየቤታችን ሁለት ሁለት ቁና ገብስ እንድናዋጣ፣ ከአርብ በፊት ከዐውደ ምሕረቱ ላይ አንድ ቃል እንዲናገሩልን በትሕትና እለምናለሁ። እርስዎ «ቁሙ» ሲሉን የቆምን ሰዎች «ስጡ» ቢሉን እንደማናሳፍርዎ ተስፋ አለኝ። እኔ ከአባቴ ጎተራ ትናንት አድርሻለሁ፤ እትዬ ገነት ሲመርቁኝ ግን ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

በዓላቱን ሁሉ እንዳከበሩ፣ ነዶዎ እንደ ተከደነ፣ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣

ማጭዱን ቅጥሩ ሥር ያስቀመጠው የመንፈስ ልጅዎ
ይታየው ሙሉነህ
ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አምና በኅዳር ሚካኤል ዕለት ቀዩ በሬዎ ገደል ሲገባ አገር ተጠርቶ፣ ገመድ ታስሮ፣ እስኪመሽ ስንጎትት ዋልን። እርስዎ መስቀልዎን ኪስዎ ከትተው ከፊት ነበሩ፤ ከኋላዎ የነበርኩት እኔ ነኝ። በዓል ሻራችሁ ያለን ሰው አልነበረም፤ በረዶም አልወረደም። ገመዱ እስካሁን እኛ ቤት ነው። እስከ አርብ ለፅጌረዳም ካስፈለገን አመጣዋለሁ።