በክሪክ የተሰበረው በረዶ

ልጄ ቡርሃን፣ የአላህ ሰላም ካለህበት ጅዳ ይድረስህ፤ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከክፉ ይሰውርህ። እናትህ ደህና ናት። የሚኒያፖሊስ ብርድ ዘንድሮ ጠንቷል።

ወንድምህ ኡበይዳ ግን የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ተቆርጠዋል። ጫካ ልይ ብሎ በሸራ ጫማ ብቻውን ወደ ሰሜን ነዳ፤ መኪናዋ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረችበት። የቀትሩ የዙህር ሶላት ሲደርስ አጠገቡ የነበረውን ሐይቅ በረዶ በመኪናዋ ማንሻ ክሪክ ሰብሮ፣ በውሃው ታጥቦ ውዱእ አደረገ! በረዶ ጠራጊዎች ሲያገኙት እጁ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ሐኪሙ የጠቆሩትን ጣቶች ከሥራቸው ቆረጣቸው።

«አባባ፣ ሶላቴ ግን አላለፈኝም» አለኝ ሆስፒታል ተኝቶ።

«አንተ ደንቆሮ! በውሃ ፈንታ በአፈር ማበስ፣ ተየሙም፣ የተፈቀደው ውሃ ለሚጎዳው ሰው አይደል እንዴ?» ብዬ ልመታው እጄን አነሳሁ። በፋሻ በተጠቀለሉት እጆቹ ፊቱን ከለለ። መለስኩት እጄን።

አንተም ስመጣ አብሬው ጫካ እገባለሁ ብለህ ጽፈህልኛል። ያለ ወፍራም ጫማና ጓንት፣ ለሰው ሳትናገር ከከተማ ብትወጣ ልጄ አይደለህም!

አላህ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ላስቸግርህ፤ ስትመጣ ጠዋት ጠዋት የወንድምህን የሸሚዝ ቁልፍ አንተ ቆልፍለት። እኔ እጄን ስዘረጋ አሁንም ፊቱን ይከልላል።

አባትህ