አቧራችንን ይተዉልን

ለክቡር አቶ ጋኤታን ፕሉርድ
የሳን-ጎንትራን ከተማ ከንቲባ
ኬቤክ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የአዲሱን ነጭ መኪናዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ ወር ከወንዙ የሚነሳው ነፋስ ጉሮሮ ይይዛልና፣ ለሰኞው ንግግርዎ ድምፅዎ እንዳይዘጋ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጉልበቴ ከሚያስቸግረኝ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ጊስሌን ዌሌ እባላለሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የከተማችንን የተማሪዎች አውቶቡስ የነዳሁ፣ እርስዎንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያመላለስኩ ሴት ነኝ። የሚቀመጡት ከኋላ በስተግራ ነበር። በመስኮት የበረዶ ኳስ ወርውረው ሲያበቁ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ይሉ ነበር፤ እኔም በመስታወቴ ያንን ወንበር ባዶ ሳየው ማን እንደወረወረ ወዲያው አውቅ ነበር። ይህን ማንሳቴ ለወቀሳ አይደለም፤ ትውውቃችን የቆየ መሆኑን ለማስታወስ ያህል ብቻ ነው።

ሰኞ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ በአራተኛው መንገድ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን የጠጠር መንገድ አስፋልት ለማልበስ ድምፅ እንደሚሰጥ ሰማሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴም ስለዚሁ ነው። ወደ ልመናዬ ከመግባቴ በፊት ግን እስካሁን ለተደረገልን በየተራው ማመስገን ይገባኛል፤ ያልተመሰገነ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር እንዳያስብልን እፈራለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ጨው

ከእርስዎ በፊት የነበሩት ከንቲባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቆጣቢ ሰው ነበሩ። መንገዱ ላይ አሸዋ ያስበትኑ ነበር፤ ጨው የሚጨመረው ለቁልቁለቱ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን እጅዎ ሰፊ ነው። ቁልቁለቱ፣ ሜዳው፣ የመቃብሩ በር፣ በረዶ ያልወደቀበት መንገድ ሳይቀር ይነሰነስበታል። ውሻዬ ከደጅ ስትመለስ መዳፏን ልሳ ልሳ አንድ ባልዲ ውሃ ትጨርሳለች።

በተለይ በእህቴ በሉሲየን ስም ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ሉሲየን ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል የማመላልሳት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ጨው የሚባል ነገር በዓይኗ እንዳታይ ከልክሏታል። ማዘጋጃ ቤትዎ ግን ሆዱ አልቻለም፤ ከቤቷ ደጃፍ እስከ መኪናዬ በር ድረስ በጨው ላይ እየተራመደች ትመጣለች። ሾርባዋ ውሃ ውሃ ይላል፤ ጫማዋ ግን ጣፍጦ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ስለ ጠብታ

ዓምና ያወጡልን የጠብታ ደንብ እስካሁን ያነጋግረናል። እንደሚያውቁት በዚህ አገር ቅጠል ሲረግፍ ሰው ሁሉ መኪናውን ወደ ሮዜር ቤሩቤ ጋራዥ ይወስዳል፤ ሮዜርም ከፍ አድርጎ ከሥር ከሻንሲው እስከ በሮቹ ድረስ ዘይት ይረጭበታል። ጨው ብረት የሚበላው ባዶውን ሲያገኘው ነውና። ታዲያ ዘይቱ ለጥቂት ቀን መንጠባጠቡ አይቀርም። እርስዎም ጠብታው በዝናብ ታጥቦ ወንዙን እንዳያቆሽሽ አስበው፣ በደጃፉ ላይ ዘይት የተገኘበት ሁሉ እንዲቀጣ አስወሰኑ።

ለወንዙ ያለዎት አሳቢነት ልቤን ነክቶታል። አንዲት ጠብታ ዘይት እንዳትነካው የሚጠበቅለት ይኸው ወንዝ፣ በረዶው ሲቀልጥ የስንት ጭነት መኪና ጨው ሳያላምጥ እንደሚውጥ አስቤ፣ ዓሣዎቹ መጻፍ ስለማይችሉ እነሱን ተክቼ አመሰግናለሁ።

እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ። ያን ያህል ዘመን የሰው ልጆች ጭኜ ስነዳ አንድም ቀን ቀይ መብራት ጥሼ አላውቅም። ስለዚህ ዓምና ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዬን ሳላስቀባ ወደ በረዶው ወራት ገባሁ። በረዶው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ ሉሲየንን ከሆስፒታል ይዤ ስመለስ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ዘልቆ ቀረ። የፍሬኑን ቱቦ ዝገት በልቶት ኖሮ ተበጥሷል። ሉሲየን ከእጥበት ስትመለስ ስለምትደክም ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቤቷ በመስኮቱ ሲያልፍ ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «ጊስሌን፣ እኔን ሳታወርጂ ወዴት ነው?» አለችኝ።

ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎትቼ፣ በመጨረሻ የበረዶ መጥረጊያው መኪና ከማዘጋጃ ቤትዎ ፊት ለፊት የቆለለው ክምር ውስጥ ገብተን ቆምን። ጸሐፊዎ ወዲያው ብቅ ብላ እዚያ ማቆም የተከለከለ መሆኑን አስረዳችን። ሥራዋን ስለምታከብር ከሚመሰገኑት መካከል እሷንም ጨምሬያለሁ።

ክቡር ከንቲባ፣ እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄድ አውቶቡስ ግን የለም፤ ሉሲየን ከእኔ መኪና በስተቀር የሚያደርሳት የላትም፤ እኔም ሌላ መኪና የምገዛበት አቅም የለኝም። መኪናዬ ከቆመ እጥበቷ ይቆማል። እጥበቷ ከቆመ ምን እንደሚከተል ለትልቅ ሰው መዘርዘር ነውር ይሆንብኛል።

ሮዜር መኪናውን ሰቅሎ ከሥሩ በካቻቢቴ ኳ ኳ ሲያደርገው ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ፊቱ ላይ ረገፈ። ቱቦዎቹን ቀየረልኝ። ከዚያ እጁን እየጠረገ፣ «እትዬ ጊስሌን፣ ይሄ መኪና እኮ ብረቱ አልቆ ዝገቱ ነው ተቃቅፎ ያቆመው። ዘንድሮም ሳይቀባ ከገባ የሚቀጥለውን በረዶ አያወጣም» አለኝ። ስለዚህ በዚህ ወር መጀመሪያ ደንብዎን ጥሼ አስቀብቻለሁ። አድራሻዬን ያውቁታል፤ ከአውቶቡሱ የሚወርዱት ከእኔ ቤት ቀጥሎ ባለው ማቆሚያ ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለ አቧራ

ከውለታዎ ሁሉ ትልቁ ይህ ስለሆነ ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

የተቀባ መኪና ሁሉ ከጋራዡ ወጥቶ ቀጥታ ወደ አራተኛው መንገድ ይሄዳል፤ አባቶቻችንም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ጠጠሩ ላይ እየተመላለሰ አቧራውን ያስነሳል፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይለጠፍና እንደ ሊጥ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ አይንጠባጠብም፣ በረዶም አያጥበውም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ልቅደም ልቅደም ሲባባል ይከርምና፣ በዚያች ሳምንት ብቻ ከኋላ ለመሆን ይለማመጣል፤ አቧራው ያለው ከኋላ ነዋ። ቄሱ ሳይቀሩ መስኮታቸውን ዘግተው የሰው አቧራ ሲጠጡ አይቻለሁ።

የሉሲየን ባል አዴላር፣ ነፍሱን ይማርና፣ በወጣትነቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ በመኪናው ከኋላዋ ከኋላዋ ሲከተላት ዋለ። እሷ የወደዳት መስሏት፣ ስኳር ለማውጣት የሜፕል ዛፍ ውሃ ከሚፈላበት ጎጆ አጠገብ ቆማ ስሙን ጠየቀችው። እስከ ዛሬ ስታወራው፣ «ሰውየው አቧራ ፈልጎ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ» ትላለች።

እርስዎ ግን ከተማችን የገጠር መልክ እንዳይኖራት ተጨንቀው፣ ባለፈው የሙቀት ወራት አራተኛውን መንገድ አስፋልት አለበሱት፤ ሥራውም ከአዲሱ ቤትዎ በር ላይ ሲደርስ እንደ አጋጣሚ ቆመ። እጅዎ ይባረክ። የቀረችን ከቤትዎ ወዲያ እስከ ጎጆው ያለችው ብቻ ናት። አሁን ደግሞ በነካ እጅዎ እሷንም ሊጨርሱልን ነው።

እኔ የአውቶቡስ ሾፌር እንጂ የተማርኩ ሰው ስላልሆንኩ አንድ ነገር አልገባኝ ብሏል። ዘይት እንዳይንጠባጠብ የሚያደርገው አቧራ ነው። እርስዎ ደንብ አውጥተው ጠብታውን ከለከሉ፤ ጠብታውን የሚያስቀረውን አቧራ ደግሞ በአስፋልት ሊቀብሩት ነው፤ ብረቱን የሚበላውን ጨው እጥፍ አደረጉ። የሦስቱ ውሳኔዎች ደራሲ አንድ ሰው መሆኑን ፊርማውን አይቼ ባላረጋግጥ ኖሮ፣ የማይነጋገሩ ሦስት ከንቲባዎች አሉን ብዬ እምል ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር ትንሽ ነው። ያቺን የጠጠር መንገድ ይተዉልን። ሊያሳምሯት አይሞክሩ፣ ውሃ አያስረጩባት፣ ስምም አያውጡላት። ሌላው ዓለም አቧራ አስወግዱልን ብሎ ሲጮኽ እኛ አቧራ ይኑረን ብለን መለመናችን እንግዳ ነገር እንደሚመስል አውቃለሁ። የእህቴ ሕይወት ግን ዘንድሮ በዚያ አቧራ ላይ ነው የተንጠለጠለው፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም።

ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ስላነበቡልኝ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ግቢዎ እንዲጸዳ፣ የፍሬን ቱቦዎ እንዲጠነክር እየተመኘሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሁልጊዜም በመስታወት የምታይዎ፣
ጊስሌን ዌሌ

ግልባጭ፦
ለምክር ቤቱ አባላት በሙሉ
ለጸሐፊዋ (መኪናዬን ከክምሩ አውጥቻለሁ)
ለእናትዎ፣ ከሰላምታዬ ጋር

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦

ሐሙስ ሊመሽ ሲል ሉሲየንን ይዤ እዚያችው ጠጠር ላይ ስመላለስ፣ አንድ አዲስ ነጭ መኪና ከሥሩ ዘይት እያንጠባጠበ ከኋላዬ መጣ። በመስታወቴ ባየው የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው፤ ከመሪው በላይ የሚታየው የባርኔጣ ጫፍ ብቻ ነበር። ባዶ ወንበር ሳይ ማን እንደሆነ የማወቅ ልማዴ እስካሁን አለቀቀኝም። ላቆምና ልጠብቀው ብዬ አሰብኩ። ሉሲየን ግን ዞር ብላ አየችዎና፣ «ተይው፣ ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ልጁ አቧራውን ይውሰድ» አለችኝ። ስለዚህ እስከ ጎጆው ድረስ ቀስ ብዬ ነዳሁልዎ። በአዲሱ የግቢዎ ድንጋይ ላይ ጠብ ያለ ነገር ካለ ዘይቱን እንዲመጠው የድመት መጸዳጃ አሸዋ ነስንሰው በማግሥቱ ይጥረጉት፤ ደንብ አስከባሪዎ ሳያይዎት። ሰኞ ግን እጅ ሲወጣ፣ ጎንበስ እንዳይሉብኝ አደራ።