አርባ ገብተው አርባ ለሚመረቁበት ኮሌጅ

ጨፋ ሮቢት፣ ሰኔ 22 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ባንተይርጋ እንየው
የጮራ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲሬክተር
ከሚሴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ምክትልዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ያየሁት የአርባ ቁጥር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በጨፋ በኩል አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፤ ማሽላውም ጥሩ በቅሏል፤ የእርስዎን ደኅንነት ከመስማት በቀር የጎደለብን ነገር የለም ለማለት ብችል ደስ ባለኝ ነበር።

እኔ አብደላ ይመር የጨፋ ሮቢት ገበሬና እህል ነጋዴ፣ የሶፍያ አባት፣ የሟቹ ወንድሜ የሙሐመድ ልጅ የዘይና አሳዳጊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ብቻ ብልከው በመዝገብ ቤትዎ ካሉት ወረቀቶች ጋር ተላምዶ ጸባዩ ይበላሻል ብዬ ስለ ሰጋሁ፣ አንዱን ቅጂ በገበያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርጌያለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት ከኮሌጅዎ የደረሰኝ የጥሪ ወረቀት ነው። ልጄ ሶፍያ አብደላ የሁለት ዓመት ትምህርቷን አንድ ቀን እንኳ ሳታቋርጥ በጥሩ ውጤት ስለ ፈጸመች ሐምሌ 10 ቀን በሚደረገው የምረቃ በዓል ላይ እንድገኝ በክብር ተጋብዣለሁ። ወረቀቱ ሲደርስ ሶፍያ ከእኔ ጋር ማሽላ ስትኮተኩት ነበር። መመረቋን እንደ እኔው ከወረቀቱ ሰማች።

ክቡር ሆይ፣ በአገራችን ቦርከና ሲሞላ ከብት ይወስዳል፣ ወባ ሲነሣ ሰው ይወስዳል፣ የሠርግ ወር ሲመጣ ደግሞ ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከእርስዎ ኮሌጅ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ ሊወስድ የቻለ ነገር አልተገኘም። አርባ ገቡ፤ አርባ ይመረቃሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሶፍያ መስከረም 1957 ዓ.ም. የመግቢያውን ፈተና አልፋ በገዛ ስሟ ተመዘገበች። ኅዳር ላይ እናቷ መሪየም በወባ ወደቀች። ሶፍያም እናቷን ልታስታምም ወደ ቤት መጣች። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልሸሽግ ልናገር። እኛ ገበሬዎች ወንፈል እንገባለን፤ ዛሬ የአንዱን እርሻ፣ ነገ የሌላውን ተሰብስበን እናጭዳለን። ከአንድ ቤት ሰው ቢታመም ወንድሙ ወይም የወንድሙ ልጅ ማጭድ ይዞ ይወጣለታል፤ ያ ቤት እንደ መጣ ይቆጠራል፤ የመጣውንም ሰው ስምህ ማን ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔም ኮሌጁን እንደ ወንፈል ቆጠርሁት። ከሶፍያ ጋር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰችውን ዘይናን ይዤ ከሚሴ ሄድሁና፣ ሶፍያ እስክትመለስ ቦታዋን ይዛ ትቆይልኝ ብዬ ለመንሁ። ይህ የባላገር ስሕተት ነው። የተማረ ሰው ሰምቶ ያርመኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የተማረው ሰው ዘይናን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ወንበሩ ባዶ አይሁን እንጂ» አለኝ። የዚህን ሰው ስም እዚህ መጥቀስ አላስፈለገኝም፤ በአድራሻው ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛ። መሪየም በአንድ ወር ተሻላትና ሶፍያ ልብሷን ጠቅልላ ተመለሰች። በር ጠባቂው ሶፍያ አብደላ ክፍል ውስጥ ናት ብሎ መለሳት። አብሬያት ሄጄ አቤት አልሁ። ዘይና ትውጣና ሶፍያ ትግባ ስል፣ የወጣች እንደሆነ አቋረጠች ተብሎ ይጻፋል፣ በዚህ ኮሌጅ ደግሞ ያቋረጠ የለም ተባልሁ። እንግዲያው ሁለቱም ይማሩ ስል፣ አርባ አንድ ይሆናል ተባልሁ። ዘይና በገዛ ስሟ ትመዝገብ ስል፣ ምዝገባ በመስከረም አልቋል ተባልሁ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሪት አመልማል ብቻ ወደ በሩ ሸኝታን፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው የምጽፈው አለችን። ለእሷ የማቀርበው ምስጋና ከልቤ ስለሆነ ከሌላው ጋር እንዳይደባለቅብኝ እፈራለሁ።

ሦስተኛ። ከዚያ ወዲህ ዘይና ሶፍያ ሆና ተማረች፤ ሶፍያ ደግሞ ማንም ሳትሆን ቤት ተቀመጠች። ዘይና ለዕረፍት ስትመጣ ደብተሮቿን ታመጣላታለች፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲያጠኑ ይውላሉ። ስለዚህ ኮሌጅዎ በአንድ ወንበር ሁለት ሰው አስተምሯል ብሎ መኩራራት ይችላል፤ ለሚቀጥለው ሪፖርትዎ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ቤት ውስጥ «ሶፍያ» ብዬ ስጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ። «ዘይና» ስል ግን ትንሽ ጊዜ ማንም አይመልስልኝም።

አራተኛ። ይቅር ይበሉኝና፣ ከዚህ በኋላ ሰው ማመን አቃተኝ። ግንቦት ላይ በወላጆች ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ባሉበት የተማሪዎች ስም ሲጠራ ከኋላ ቆሜ አዳመጥሁ። አርባ ስም ተጠራ፤ አርባ ጊዜ «አቤት» ተባለ። «አብዶ» ተብሎ ሲጠራ አቤት ያለው ግን በባቲ የሰኞ ገበያ ጨው የምገዛው ሰውዬ ነበር። ሰውዬው ሚስት አለው፤ ሁለት ልጆችም አሉት፤ ጢሙን በዚያው ቀን ጠዋት መላጨቱ ከፊቱ ይታወቃል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ወደ ሰንደቅ ዓላማው ዞረ። በሚቀጥለው ሰኞ ባቲ ወርጄ ነገሩን ብጠይቀው፣ እውነተኛው አብዶ በጥር ወር ሥራ ፍለጋ ወደ አሰብ መሄዱን፣ እሱም ለዚያች ቀን ብቻ ቦታውን እንዲይዝ መለመኑን ነገረኝና ለማንም እንዳልናገር አንድ እፍኝ ጨው ጨምሮ ሰፈረልኝ። እነሆ ተናገርሁ፤ ጨውን እመልስለታለሁ።

አምስተኛ። አርባውም ተማሪዎች ያድሩበታል በሚባለው ማደሪያ ውስጥ ያሉት አልጋዎች ሃያ ስድስት ናቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ በመንገድ ላይ ተማሪ ሳገኝ የምጠይቀው ስምህ ማን ነው ብዬ ሳይሆን በማን ስም ነህ ብዬ ነው። አንዳንዶቹ ሳይደነቁ ይመልሱልኛል። እግዜር ያሳይዎ፣ ጥርጣሬዬ እየከፋ ሄዶ በመጨረሻ ወደ እርስዎም ደረሰ። በዚያ ወንበር ላይ የተሾሙት አቶ ባንተይርጋ እርስዎ ነዎት ወይስ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን የተቀመጡ ሌላ ሰው ነዎት እያልሁ መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ትክክለኛው አቶ ባንተይርጋ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ እንደሆነ፣ እባክዎን ጠባቂው ያስገባው።

የጥሪው ወረቀት በደረሰኝ ማግስት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ምስክር ወረቀቱ ለተማረችው ለዘይና በገዛ ስሟ እንዲሰጣት መለመኔን አይዘነጉትም። እርስዎም በጣም በሚያስመሰግን ትሕትና ወንበር ሰጥተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «አቶ አብደላ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የልጅዎ ስም ነው። ልጅዎን ይላኳትና ታስተምር። እርስዎ ምን ጎደለብዎ?»

እውነቱን ለመናገር ንግግርዎ ጣፈጠኝ። ሶፍያ የአብራኬ ክፋይ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጓደኞቿ ሲማሩ እሷ በሬ ስትከተል አይቻለሁ፤ አንጀቴንም በልቶኛል። አሁን በስሟ የተጻፈ ወረቀት ተዘጋጅቶላታል፤ ባቲ ትምህርት ቤት ተመድባለች፤ የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ሳልናገር አሰብሁበት። በሦስተኛው ቀን ዘይና ራሷ ከእርሻው ዳር መጣችና፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «አጎቴ፣ ስሙ የእሷ ነው፤ እሷ ትሂድ። እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ይህች ልጅ ወንድሜ ሊሞት ሲል አደራ ብሎ የሰጠኝ ናት። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም። ሶፍያም ሰምታ ኖሮ መኮትኮቻውን ጥላ መጣችና አለቀሰች፤ ያላስተማሩኝን ላስተምር አልሄድም አለች። እንግዲህ እርስዎ ምን ጎደለብዎ ላሉኝ መልሱ ይህ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እርስዎ ደግሞ አንዷን ብቻ ነው የቆጠሩልኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ሐምሌ 10 ቀን ወደ መድረኩ የምትወጣው ልጅ ዘይና ሙሐመድ ተብላ ትጠራ፤ ምስክር ወረቀቷም በዚሁ ስም ይጻፍ። ሶፍያ አብደላ ኅዳር 1957 ዓ.ም. አቋረጠች ተብሎ በመዝገብ ላይ ይስፈር፤ አቋርጣለችና። መስከረም ሲጠባም አቋርጣ እንደ ተመለሰች ተማሪ ከመጀመሪያው ዓመት ይቀበሏት። በሰው ስም ተማረች ተብሎ ዘይና የምትጠየቅ ከሆነ፣ እጇን ይዞ የወሰዳት እኔ ነኝና እኔ ልጠየቅ፤ ቤቴ ከገበያው በታች ሁለተኛው ነው፤ ለሚፈልገኝ ሁልጊዜ እገኛለሁ።

ይህ ከተደረገ ከአርባው ውስጥ አንድ እንደሚጎድል አውቃለሁ። አንድ ከጎደለ ደግሞ ሌሎቹም ስማቸውን እየጠሩ ይመጡ ይሆናል፤ የእርስዎም ጭንቀት ይገባኛል። ነገር ግን ሕመም የደረሰበት ተማሪ፣ ሥራ ፍለጋ የሄደ ተማሪ፣ የተዳረች ተማሪ ሁሉ በኮሌጅዎ መዝገብ ላይ እንደ ሄዱ ቢጻፉ፣ ቢያንስ ለምን ሄዱ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይገኝ ነበር። እርስዎ ግን እንዳልሄዱ አድርገው ስለ ጻፏቸው ተመለሱ ብሎ የፈለጋቸው አልተገኘም።

በመጨረሻም ስለ ወንበሩ ትሕትና፣ ስለ ጥሪው ወረቀት፣ ስለ ቀይ ቀለሙም ጭምር ከፍ ያለ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ፣ ልጆችዎም በየገዛ ስማቸው እንዲያድጉልዎ ዱዓ አደርጋለሁ።

ትሑት አገልጋይዎና ያልተመረቀችው ተመራቂ አባት

አብደላ ይመር

ግልባጭ፦
ለአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለጨፋ ሮቢት ገበያ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለእውነተኛው አብዶ፣ አሰብ፣ ከተገኘ

ከፊርማው በኋላ፦ እኔ የተማርሁት ቁርአን ስለሆነ የአማርኛ ጽሕፈት አይሆንልኝም። ይህን ደብዳቤ እኔ እየነገርኋት የጻፈችው ሶፍያ ናት። በመዝገብ ቤትዎ የሶፍያ አብደላ የመግቢያ ፈተናና የመውጫ ፈተና ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የእጅ ጽሑፋቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚያስተያይ ሰው እንዲላክ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት በላክሁት ቅጂ ላይ ለምኛለሁ። ዘይናም ለምስክርነት ከታች ፈርማለች። ከፊርማዋ በፊት የሚታየው ስርዝ የቀለም መፍሰስ አይደለም፤ ብዕሩን አንሥታ «ሶፍያ» ብላ ጀምራ ነው የሰረዘችው። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ነበረን፤ እርስዎ እንዲያዩት ብለን ግን ተውነው።