ስም ያልተጻፈበት ባትሪ

ታከለ ሆዴ፣

አፈር ከለበስህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። በሰው ፊት «አንቱ» እልህ ነበር፤ ለብቻችን ስንሆን ግን «አንተ» ነበርህ። ዛሬም እንደ ቤታችን ወግ ልጻፍልህ።

እኛ ደኅና ነን። የጓሮው ገብስ ዘንድሮ ከውርጭ ተርፎ አሽቷል። ትልቋ ልጃችን ንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት ገብታ እህትህ ዘንድ ተቀምጣለች። ትንሿ የፊት ጥርሷን ነቅላ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ትመስላለች። የሥራ ጎጆህን አልዘጋሁትም። ወናፉን ብቻ ለእኔ ቁመት እንዲመች ዝቅ አድርጌዋለሁ። አዎ፣ የእጅ ባትሪ የምሠራው አሁን እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው የመድፍ ቀለህ ባትሪ ልሥራ ስትል የሳቅሁብህን ታስታውሳለህ? አምፖሉንና የባትሪ ድንጋዩን ነጋዴው ደሴ ከጎንደር ያመጣልን ነበር። አንተ ቀለሁን ትቆርጣለህ፣ ትበይዳለህ፤ እኔ በአመድና በሎሚ እያሸሁ እወለውላለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ እጁና እንደ ሥራው ነበር የምትሠራለት። የአዋላጇ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል፣ የበቅሎ ነጂው ከኮርቻው ጋር የሚታሰር። ደሴ ግን አርብ ገበያ ወስዶ «የአስመራ ነው» እያለ ይሸጠዋል። የቀጥቃጭ እጅ ሥራ ነው ቢል የሚገዛው አልነበረማ። ማረሻቸውን አንተ ዘንድ የሚያስሉት ሰዎች እንኳ ልጆቻቸውን ከዓይንህ ይሸሽጉ ነበር።

ቄሱ አባቴም እንደ እነሱ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው፤ አንተን ሳገባ «ቀጥቃጭ ቤት የገባች ልጅ የለችኝም» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከእስቴ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደኅንነታቸውን ከመጠየቅ በቀር ዓይናቸውን አላየሁም ነበር።

አንድ የጾም ሰሞን ደሴ መጥቶ «አንድ የእስቴ ቄስ ባትሪ ይፈልጋሉ። ቀኝ እጃቸው አይጨብጥም፤ በግራ አውራ ጣት የሚበራ ይሁንላቸው» አለ። አንተ አየኸኝ፣ እኔም አየሁህ። የአባቴን ቀኝ እጅ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ግንድ ወድቆበት እንደነበር አጫውቼህ ነበር። ደሴ ምንም ሳያውቅ ጠላውን ጠጥቶ ሄደ።

ያንን ባትሪ ስትሠራ አጠገብህ ነበርሁ። ጭረት የሌለበትን ቀለህ ለየህ። የሽማግሌ ጣት እንዳይቆረቁር ማብሪያውን ሞርደህ፣ እንደገና ሞርደህ፣ በራስህ ጉንጭ ላይ እያሸህ ትፈትነው ነበር። ሲያልቅ «ስምህን ጻፍበት» አልሁህ።

«ለምን?»

«የማን እጅ መንገድ እንደሚያሳያቸው ይወቁ።»

«ካወቁ ይጥሉታል» አልኸኝ። «ከጣሉት ለቅዳሴ ሲሄዱ ገደሉን በጨለማ ይወርዱታል። አባትሽ ወድቀው ከምንሰማ ስሜ ይቅር።»

አኮረፍሁህ። ሌላው የሠራው ላይ ምልክቱን ሲያኖር ያንተ ብቻ እንደ ሌባ ዕቃ ስም አልባ መሆኑ አንገበገበኝ። አንተ ግን ክዳኑን በቅቤ አሽተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ለደሴ ሰጠኸው። እኔም ሳንባህ ታሞ እስክትተኛ ድረስ በዚህ ነገር እጨቀጭቅህ ነበር።

ለቀብርህ አባቴ አልመጡም።

አምና አዝመራው ከገባ በኋላ በረንዳ ላይ ባቄላ ስፈለፍል ውሻው ጮኸ። ቀና ስል አባቴ ከአጥሩ በር ላይ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሸብተዋል። ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። አላነሡኝም፤ አልገፉኝምም። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና ከጋቢያቸው ውስጥ ያንን ባትሪ አወጡ። ማብሪያው ተሰብሯል። እንዲያስጠግንላቸው ደሴን ቢጠይቁት «ሠሪው ሞቷል፤ ሚስቱ ታበጀዋለች» ብሎ ስምህንና ቤታችንን ነግሯቸዋል።

«ይህን የሠራው እሱ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ለእኔ መሆኑን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ባትሪውን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፈበትም?»

«እንዳይጥሉት ብሎ ነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደና «እውነቱን ነው፤ እጥለው ነበር» አሉ።

ማብሪያውን አበጀሁላቸው። ሲበራ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። «ስሙን ጻፊበት» አሉኝ። «ጉልህ አድርገሽ፤ ቅዳሴ ስንወጣ ካህናቱ እንዲያነቡት።» በመሮው ቀለሁ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። እሳቸው ከጎኔ ሆነው ልክ እንደ ልጅነቴ ፊደሉን እየተከተሉ አነበቡልኝ፤ ታ፣ ከ፣ ለ። በማግሥቱ ከመቃብርህ ላይ ፍትሐት አድርሰውልህ ሄዱ።

አሁን ሰዎች እኔ በምሠራው ላይም ያንተን ስም እንድጽፍ ይመክሩኛል። ደሴ በበኩሉ ምንም አትጻፊበት፣ ገበያ ታጪበታለሽ ይላል። ክረምቱን ሙሉ አሰብሁበት። አንተ የሠራሃቸው ሁለት ባትሪዎች ቀርተውኛል፤ እነሱ ላይ ስምህን ጽፌያለሁ፤ አይሸጡም፣ የልጆቹ ናቸው። እኔ የሠራሁት ላይ ግን ስምህን አልጽፍም። ብየዳው ቢለቅ፣ ሰውዬው መሐል መንገድ ላይ ጨለማ ቢውጠው፣ ባልሠራኸው ነገር ስምህ ይነሣል፤ አንተ ደግሞ ተነሥተህ መልስ አትሰጥም። ስለዚህ የራሴን ስም ጻፍሁ፤ ይታይሽ ብዬ። ባለፈው አርብ አንዱ ገዢ አንብቦት እንደ ጋለ ብረት መልሶ አስቀመጠው። አንዲት የስማዳ ሴት ግን «ከተበላሸ የት አገኝሻለሁ?» ብላ ቤቴን ጠይቃ ባትሪውን ገዛች።

ታከለ፣ አልረሳህም። ሙት ዓመትህን እዘክራለሁ፤ ልጆቹም የማን ልጆች እንደሆኑ አንገታቸውን ሳይደፉ እንዲናገሩ አድርጌ አሳድጋቸዋለሁ። በስምህ አልነግድም። ግን ይህን ሙያ ማን አስተማረሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ሥራዬን አቁሜ፣ ቀና ብዬ፣ ስምህን እነግረዋለሁ።

ይታይሽ