ያልጠለለው ቢራ

ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እማዬ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ተፋጠን ደህና ነን።

ጊዜ ማሳለፊያ ይሁንሽ ብለህ የላክህልኝ የቤት ቢራ መጥመቂያ እሽግ አልሰመረልኝም። ቢራው ድፍርስ ነው፤ ሲቀመስም ውሃ ውሃ ይላል። በስልክ ስነግርህ «ውሃ አብዝተሽ ነው፤ አንቺ መቼም እጅሽ አያርፍም» ብለህ ሳቅህብኝ። ኧረ እኔስ መመሪያው እንዳለው ለክቼ፣ እርሾውን ጨምሬ፣ የመጥመቂያውን ባልዲ ከድኜ ነው የተውኩት።

ውሃ የምትጨምረው እማዬ ናት። ሆቴል ወጥ ቤት ስትሠራ ድስት አይታ ሳትከፍት ማለፍ አትችልም ነበር አይደል? አሁንም ባልዲውን ባየች ቁጥር ትከፍተውና «ምነው ይሄ ነገር ወፈረ!» ብላ አንድ ጣሳ ትቸልስበታለች፤ አማስላ ትከድነዋለች። «አሁን እኮ ጨመርሽ» ስላት «እኔ? ገና ከአልጋ መነሳቴ ነው!» ትለኛለች። እንዲህ እየተማሰለ በምን ተአምር ይጠልላል?

ባልዲውን ጓዳ አስገብቼ ብቆልፍበት፣ ውሃ የሞላ ጣሳዋን እንደያዘች ባልዲ ፍለጋ ከቤት ወጥታ ሄደች፤ እጇን ይዞ ያመጣት ባለሱቁ ነው። ስለዚህ ባልዲውን መለስኩላት። አሁን የሚቆለፈው የውጭው በር ነው፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፣ ስተኛም አላወልቀውም።

እማዬ ጉንጭህን ስማለች። ሌላ እሽግ እልካለሁ ያልከውን ግን ተወው። ይልቅ አንተ ና። አንድ ከሰዓት ብቻ ባልዲውን ጠብቅልኝ፤ እኔ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄጄ ልመለስ።

እህትህ